የኮረንቲዋ ሞተርና የባሌ ዓይን

ሞተሯን የሰጠችኝ ማዳም ናት፤ ምግብ የማበስልላት ፈረንሳዊት። የባሏ ሥራ አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግማሹን ዕቃ ሸጡ፣ ግማሹን ጫኑ። የልጃቸው የኮረንቲ ሞተር ሳይክል ግን ፈላጊ አጥታ ግቢው ውስጥ ቆማ ቀረች። "ለልጆችሽ ውሰጂላቸው" አለችኝ። ልጅ የለኝም። ያለኝ ባል ነው። "መርሲ" ብዬ ወሰድኳት።

ቁመቷ ከወገቤ አይበልጥም፤ ጎማዋ ጥርስ ያለው፣ አሸዋና ኮረብታ ላይ ለመፈንጨት የተሠራች ነገር ናት። ድምፅ የላትም። ቤንዚን አትጠጣም፤ ግድግዳው ላይ ተሰክታ ታድራለች፣ ጠዋት ነቅታ ትጠብቃለች። እዚህ ጅቡቲ፣ ሰፈራችን አርሂባ ድረስ እየገፋሁ ሳመጣት የብሎካችን ሰው በሙሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ሳቀብኝ። ይሳቁ! ብስክሌት መንዳት ድሬዳዋ በልጅነቴ ተምሬያለሁ፤ ገበያ ደርሼ እመለስባታለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ባሌ ሹፌር ነበር። ከወደብ ጭኖ በጋላፊ ድንበር በኩል ወደ አገር ቤት የሚወጣ፣ ተሳቢ ያለው ትልቅ መኪና የሚነዳ። ስኳር የሚሉት በሽታ መጀመሪያ እግሩን አደነዘዘው፣ ቀጥሎ ዓይኑን ያዘው። መሪ ከለቀቀ ዓመታት አለፉ። ያን ሁሉ አገር ሲያቋርጥ የኖረ ሰው ቀኑን ሙሉ በራችን ላይ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ። ሐኪሙ፣ "ጥቂት የቀረች ነገር አለች፤ እሷም እየሄደች ነው። ሙቀቱ አልፎ ቅዝቃዜው እስኪገባ መቆየቷን እንጃ" ብሎናል። እኔ ሐኪሙ ላይ ጮኽኩበት፤ እሱ ምን ባደረገ።

አንድ ቀን እዚያው በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ "ድመት" አለ።

"የት?"

"አለፈች። አሁን ጠፋች።"

ድመቷ አልጠፋችም። ደረጃው ሥር ቆማ እግሯን እየላሰች ነበር። እንደገና ስትሮጥ "ያቻት!" አለ። ጉድ ነው! ከዚያ በኋላ ፈተንኩት። ብርጭቆ ፊቱ ላይ ስይዝ አያይም፤ ሳወዛውዘው ያያል። ዝም ያለ ነገር ሁሉ ለእሱ ጉም ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ከጉሙ ብቅ ብሎ መልሶ ይጠልቃል። ሐኪሙን ብጠይቀው ሊያብራራልኝ ሞከረ፤ አልገባኝም። ለባሌ ግን ገባው። "እኔ ከሮጥኩ ዓለም ይሮጣል ማለት ነው" አለ። በዚያው ቀን ሞተሯ ላይ ከኋላዬ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላዋ ጅቡቲ ሕልም ናት። ጫቱ ከአገር ቤት እኩለ ቀን ላይ ይገባል፤ ከዚያ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ ወንዱ ትራስ ተደግፎ ይመረቅናል፣ ሴቱ ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። መንገድ ላይ የሚቀረው ፍየል፣ ቁራና ሙቀት ነው። አስፋልቱ ከሩቅ ውሃ የተኛበት ይመስላል፤ ሲቀርቡት ይሸሻል። እኛ በዚያ ውሃ ውስጥ ድምፅ በሌላት ሞተር እንሄድ ነበር፣ እሱ ወገቤን ጠምጥሞ፣ አገጩን ትከሻዬ ላይ ጥሎ። "በር! ሰማያዊ በር!" ይላል። "ፍየል። ሌላ ፍየል። ግድግዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል አይደል?" ልክ ነው፣ ተሰጥቷል። ያንን ቀን ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለመናገር ቃል የለኝም።

ወደብ አጠገብ ስንደርስ ግን፣ "ባሕሩስ?" አለኝ።

"በቀኝህ።"

"የለም። መርከቦቹስ?"

"ሞልተዋል፣ እዚያ ናቸው።"

"የሉም" አለ። ቤት ገባን። ማዕድ ላይ ሳለ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ፣ "መኪና ስትነጂ አጠገብሽ ያለው ግራር ይሮጣል፣ ሩቅ ያለው ተራራ ግን አብሮሽ ይሄዳል። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ በዚህ ፍጥነት አይነቃነቅልኝም። ፍጥነት ጨምሪልኝ። ተራራውን ማስሮጥ አለብን" አለ።

ተራራ አስሩጭልኝ ይላል ሰውዬው! "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አልኩት።

"እንቁላሉ ጊዜ አለው አቦ!" አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ የነበረን ያ አንድ የሙቀት ወቅት ብቻ ነበር።

ካርቲየ 6 የሚሉት ሰፈር ውስጥ ሽቦ ያለበትን ነገር ሁሉ የሚጠግን አንድ ሶማሌ አለ፤ ቬንትሌተር፣ ስልክ፣ ፍሪጅ። አማርኛም ይሰብራል፣ ባሌ ደግሞ ሶማሊኛ ከመንገድ ለምዷል። ይህ ሰው ጫት ሳይገባ በፊት እጅ ብቻ ነው፣ ጫት ከገባ በኋላ ምላስ ብቻ። እኛ ባለማወቅ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ሄድን። ሁለቱ ትራስ ተደግፈው እቅድ አወጡ። ባትሪ በባትሪ ላይ ይደረብላታል፣ እንዲህ ያለ ሞተር በከተማው አይኖርም፣ ሀገሬው ፊልም ያነሳናል። "ወላሂ፣ በዚህች ድሬዳዋ ገብታችሁ ቁርስ ትበላላችሁ" አለን። ባሌም ያምነዋል! እኔ ጥግ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ፣ የምርቃና ሞተር መቼም ጎማ አይፈልግም እያልኩ በሆዴ ስቄባቸዋለሁ።

በነጋታው ማለዳ ስንሄድ ግን ሰውዬው ሌላ ሰው ነበር። ከባዱን አሮጌ ባትሪ አውጥቶ፣ ከተሰበረ የኮረንቲ ስኩተር የተፈታ ቀላልና ጉልበተኛ ባትሪ ገጠመላት። አዲሱን ኮረንቲ የሚችል ሳጥን ጨመረ፤ ያ ሳጥን ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኮረንቲ እየመጠነ የሚለቅ ነው። ከዚያ የኋላውን ጎማ የሚያዞረውን ጥርሳም ክብ ብረት ፈትቶ በትንሽ ቀየረው። "ጥርሱ ባነሰ ቁጥር ትፈጥናለች" አለን፣ "ግን ስትነሳ ትሰንፋለች።"

"እንደዚህ ሰው ነቻ" አልኩ ባሌን እያሳየሁ፤ "ለመነሳት ሰነፍ፣ ከተነሳ የማይያዝ።" ባሌ የኋላ ጎማዋን ካቴና በጣቱ እየዳበሰ ሲያጠብቅ ሳቀ። እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኖ እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

ሞተሯ በረረች። እውነት ነው፣ በረረች። ግን ሙቀቱን አልቻለችውም። ሳጥኑ ይግልና ድንገት ቀጥ ትላለች፤ እስኪበርድ ፀሐይ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። እኔ ለጠጋኙ እንንገረው አልኩ። ባሌ ግን ሹፌር አይደል? "ይሄ ለኛ ሥራ ነው?" አለ። በመንገድ ዘመኑ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ጆንያውን አርሶ፣ መኪናው ጎን ላይ አንጠልጥሎ ነበር። ንፋሱ ሲመታው ውሃው በረዶ ይሆናል፤ ሹፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው። እናም ሳጥኑንና ባትሪውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ እንድሰፋ አደረገኝ። በየመንገዱ እየቆምን ከጠርሙስ እናርሰዋለን። ሠራ! ሳጥኑ ቀዘቀዘ፣ ሞተሯ መቆም ተወች፣ ባሌ የቀድሞው ሹፌር ሆኖ ኋላዬ ይፎክራል፤ "ቤንዚን ስጪው!" "ቤንዚን የላትም አንተ!" "በቃ ኮረንቲ ስጪው!"

የጅቡቲ ውሃ ጨው መሆኑን ማን አሰበው? የምንጠጣውን እንገዛለን፤ ያን ጆንያ ያጠጣነው ግን የቧንቧውን ነበር። አንድ ዓርብ ጋቦዴ የሚባለው ሰፈር ጋ ስንደርስ ሞተሯ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ጸጥ አለች። መግፋት ሆነ። እኔ እገፋለሁ፣ እሱ ኮርቻውን ይዞ ይከተላል። አልበላሁም፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ ተናድጃለሁ። "ጀሪካን ናት እንዴ? ጀሪካን መሰለችህ?" እያልኩ እስከ ካርቲየ 6 አፌን አልዘጋሁም። ጠጋኙ ጆንያውን ሲቀድደው የሽቦው መጋጠሚያ ሁሉ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። ጆንያውን ቀምሶ ተፋው። "ጨው" አለ።

ባሌ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። "ተይው፣ አብቅቷል" አለ። ያኔ ነው የፈራሁት። ሰውየው ስለ ሞተሯ አልነበረም የሚያወራው። በበራችን በርጩማ ላይ ዳግመኛ ሊቀመጥ፣ ድመት እስክታልፍ ሊጠብቅ ነበር። ንዴቴ በዚያች ደቂቃ ከላዬ ወረደ፤ ቦታውን የያዘው ሌላ እልህ ነው።

ወጥ ቤቴ ገባሁ። የአሉሚኒየም ድስቶቼን አውቃለሁ፤ ከእሳት ካወጣኋቸው ክዳኑ ንፋስ ላይ ወዲያው ይበርዳል። የትልቁን ድስቴን ክዳን አንስቼ በማለዳ ለጠጋኙ ወሰድኩለት። "ሳጥኑን እዚህ ላይ በብሎን እሰርልኝ፤ ክዳኑ ፊት ለፊት ወጥቶ ንፋስ ይምታው" አልኩት። ሳቀ፣ ራሱን አከከ፣ "ሀዬ፣ እሺ" አለ። የተበላውን ሽቦ ቀይሮ መጋጠሚያዎቹን በግራሶ ደፈነ። ሞተሯ ከዚያ ወዲያ ክዳን የደፋች ድስት መሰለች፤ በረንዳው ደግሞ እንደ አዲስ ሳቀ። ባሌን እጁን ይዤ ክዳኑን አስዳበስኩት። "ድስትሽ ራቁቱን ቀረ በይኛ" አለኝ፤ ተነሳ።

ከጋቦዴ ወዲያ፣ ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጥ ሜዳ አለ። አሸዋው እርጥብና ጠንካራ ነው፤ ላዩ ላይ የቀረው ስስ ውሃ ሰማዩን ስለሚይዝ የት እንደሚያበቃ አይለይም። በሚቀጥለው ዓርብ እዚያ ስንደርስ ዓየሩ ነጭ ነበር። ሰው የለም። እሱን ኋላዬ አስቀምጬ ለቀቅኳት። ስትነሳ እንደልማዷ አዘገመች፤ ከዚያ ጎማዎቿ መሬቱን የረሱት መሰለኝ። ክዳኑ በንፋሱ ያፏጫል። የባሌ ጥፍር ወገቤ ውስጥ ገባ።

"መርከብ!" ብሎ ጮኸ። "አንቺ፣ መርከብ ነው! ሄደ፣ ሄደ... ሌላ መጣ! ወፎቹስ? ነጫጮቹ ወፎች ናቸው? ያውና ባሕሩ! ያ ረቢ፣ ባሕሩ ይሮጣል!" ያልቅስ ይሳቅ አላወቅኩም። እኔም እጮህ ነበር። የሜዳው ጫፍ ስንደርስ እያዞርኩ፣ እንደገና እየመለስኩ፣ ስንት ጊዜ እንዳቋረጥነው አላስታውስም። ያን ያህል ደስታ በአንድ ከሰዓት ሰው ላይ መውረዱ ያስፈራል።

ድንገት ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "አቁሚ።"

"ስኳርህ ወረደ?" አቆምኩና ቴምር ከኪሴ አወጣሁ።

"ደህና ነኝ። ሁሉንም አየሁ። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ።"

"ፊትህ ነኝ እኮ! ወገቤን ይዘህ!"

"አብረሽኝ ነዋ የምትሄጂው። ከእኔ ጋር እኩል ከሄድሽ ለእኔ የቆምሽ ነሽ። አውርጂኝና እለፊ።"

እንዴት ጥዬው እሄዳለሁ? ባሕሩ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ እሱ አንድ እርምጃ ወዴት እንደሚራመድ አያውቅም። "አልነቃነቅም" አለኝ። አሸዋው ላይ አቆምኩት። እጆቹን አጣምሮ፣ መኪናው እስኪሞቅ እንደሚጠብቅ ሹፌር ቀጥ ብሎ ቆመ። ራቅ ብዬ ሄድኩና ዞሬ በአጠገቡ አለፍኩ።

"አየኸኝ?"

"ጥቁር ነገር። ጨምሪ!"

ከበፊቱ ርቄ ሄጄ ጨምሬ አለፍኩ። ፊቱ ተከተለኝ። ያን ያህል ዘመን እንዲያ ተከትሎኝ አያውቅም። ዞሬ አጠገቡ ስቆም በጣቱ ወደ ራሴ እያመለከተ ፈገግ ብሏል።

"ነጭ ሻሽ ነው እንዴ ያደረግሽው?"

ጠዋት ያሰርኩት ጥቁር ነበር። እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ። ሻሹ በንፋሱ ተፈትቶ አንገቴ ላይ ወድቋል።

"ሻሽ አይደለም" አልኩት። "ፀጉሬ ነው።"

ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። "መቼ?" አለኝ።

አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ። እሱም እጁን ዘርግቶ መሪውን ዳበሰ፣ ከመሪው ወደ እጄ መጣ፣ ጨበጠኝ።

"እንደገና እለፊ" አለ። "ሻሹን እንዳታስሪው።"

ሞተሯን አዞርኳትና ያላትን ሁሉ ሰጠኋት።