ኮልም ሚዛን ላይ የወጣበት ሁዳዴ

ባለፈው ሳምንት እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሰቨን ሲስተርስ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ቱርክ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ቲማቲም ስመርጥ ስልኬ ጠራ። የድሮ አከራዬ ብሪጂት ናቸው። አይሪሻዊት ባልቴት ናቸው፤ ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ የሚያወሩት ሰፈሩ በሙሉ እንዲሰማ አድርገው ነው።

"አስካለ! የኛ ልጅ ቦክስ በቃኝ አለ! አሁን በሬዲዮ ተናገሩት!"

"ኮልም?"

"ሌላ ማን አለኝ!"

ባለሱቁ ፊቴን አይቶ "ሰው ሞተ እንዴ?" አለኝ። "የለም፣ አንድ ቦክሰኛ አፍንጫው በቦታው እንዳለ ጡረታ ወጣ" አልኩት። ለአምላኬም ምስጋና አቀረብኩ። ስንት ዓመት ሙሉ፣ በተጋጠመ ቁጥር፣ ለዚያ አፍንጫ ስጸልይ ኖሬያለሁ።

ሰው ኮልምን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው፤ የሻምፒዮና ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲስቅ። እኔ የማውቀው ኤድመንተን ሰፈር፣ በብሪጂት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ባዶ ሳህን ይዞ ሲቆም ነው።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። መጋዘን ውስጥ የጠዋት ሺፍት እሠራለሁ፤ ልብስ በካርቶን ማሸግ ነው። የምኖረው ከብሪጂት ቤት ላይኛው ክፍል ነበር። ብሪጂት ክፍል ሲያከራዩ ስለ ሥራ ብዙም አይጠይቁም። "ትጸልያለሽ?" ነው ያሉኝ፤ እጸልያለሁ ስላቸው ቁልፉን ሰጡኝ። በእንግሊዝኛ አንቱ ባይኖርም በልቤ አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም። ታችኛው ክፍል የእህታቸው ልጅ ኮልም ይኖራል። ከአየርላንድ የመጣ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ጠባዩ ግን እንደ ሕፃን የሆነ ልጅ ነው። አባቱ በሀገራቸው ሥጋ ቤት አላቸው።

በዚያ የፈረንጅ ክረምት መውጫ ላይ፣ ዛፎቹ ገና ቅጠል ሳያበቅሉ፣ ዕድል መጣለት። ዌምብሊ አካባቢ ባለ አዳራሽ ለቀበቶ ሊጋጠም የነበረ ሰው እጁ ተሰብሮ ኮልም በሱ ፋንታ ተጠራ። ችግሩ ክብደቱ ነበር። ቦክሰኞች የሚጋጠሙት ተመዝነው ነው፤ ከግጥሚያው በፊት ባለው ቀን ከተወሰነው ክብደት ያለፈ ቀበቶውን አያገኝም። አባቱ ደግሞ በስልክ ቁርጡን ነግረውታል፦ "ይሄ ካልሆነ ና፤ ሥጋ ቤቱን ተረከብ።" ኮልም ሥጋ ቤቱን ከተጋጣሚው ይልቅ ይፈራ ነበር።

ጊዜው ሁዳዴ ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ፣ ከሥራ ስመለስ ወጤን አሞቃለሁ። አንድ ቀን ሽታው ኮልምን ከክፍሉ አወጣው።

"ምን አለበት?"

"ምንም። ሥጋ የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ ወተት የለውም፣ እንቁላል የለውም። የጾም ነው።"

"ምንም የለውም!" አለና ዓይኑ በራ። "አክስቴ፣ ሰምተሻል? ምንም የሌለው ወጥ!"

ብሪጂትም ተደሰቱ። "የድሮ ሰዎች ጾም ማለት ይሄ ነው" አሉ። የኔ ደስታ ደግሞ ከሁሉ ባሰ። እኛ ቤት ሁዳዴ ገብቶ እስኪወጣ እናቴ ቀሚሷ እየሰፋባት ሁለት ጊዜ በመርፌ ታጠብበው ነበር። የጾም ምግብ ማክሳቱን የተጠራጠረ ሰው በሀገራችን አልሰማሁም። አንዲት ነፍስ ወደ ጾም አመጣሁ ብዬ በትጋት መሥራት ጀመርኩ፤ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ሽሮ፣ ምስር ወጥ። ልጁ ሳህኑን በእንጀራ ጠርጎ "ጾሜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም" ይላል፤ ይደግማል።

አንድ ቀን አሠልጣኙ ሳያንኳኳ ገባ። አጭር፣ ጆሮው እንደ ደረቀ እንጉዳይ የተጨማደደ ሰው ነው።

"ልጄን ማነው የሚቀልበው? በየቀኑ ይሮጣል፣ በየቀኑ ይወፍራል!"

ብሪጂት በጣታቸው ወደኔ ጠቆሙ። ሰውየው የድስቱን ክዳን አነሳ፤ ቀይ ዘይት ከላይ ተንሳፍፏል። በማንኪያ ቀመሰ፤ ደግሞ ቀመሰ።

"እግዜር ያሳይሽ፣ ግሩም ነው" አለ። "ዘይቱ ምን ያህል ነው?"

"ወጡ እስኪወዛ ነው።"

"ይሄኛውስ?"

"እሱ ሱፍ ነው። ፍሬ ነው፤ ተወቅጦ የሚጠለል።"

"እሱም ዘይት ነዋ!" አለና ኮልምን ዞሮ አየው። "አንተ! ጾምኩ ትለኛለህ? ሠርግ ላይ ነው የሰነበትከው!"

ብሪጂት እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ግን ሐሳብ ገባኝ። እናቴን ያከሳት ወጡ አልነበረም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዷን መዋሏና ስግደቷ ነው። እኛ የበላነውን ብቻ ስንቆጥር የሰገድነውን ረስተነዋል። ይህንኑ ስነግራቸው አሠልጣኙ ጆሮውን አከከ። "ዘይቱ ይቅር፤ ቅጠሉን ይብላ" አለ። "ስግደት ያልሽውን እስቲ አሳዪኝ።"

እዚህ ላይ ቸገረኝ። ስግደት ለፈጣሪ ነው፤ ሰውነት ማቅጠኛ አይደለም። ወደ ንስሐ አባቴ ደወልኩ።

"አባ፣ አንድ ካቶሊክ ቦክሰኛ ስግደት አስተምሪኝ ይለኛል።"

"ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለሚዛኑ?"

"ለሁለቱም ይመስለኛል፣ አባ።"

"እንግዲያው የእግዚአብሔሩን እሱ ይቀበላል፤ የቀረውን ሚዛኑ ይቁጠረው። አንቺ ግን የጾም ወጥሽ ላይ ዘይት ቀንሺ፣ ልጄ።"

እንዲህ ሆነና ሳሎን ውስጥ ተሰለፍን። ምሥራቅ በጎረቤት የቆሻሻ በርሜሎች በኩል ስለነበር ወደዚያው ዞርን። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ኮልም ላብ የሚያወጣ የፕላስቲክ ልብሱን ለብሶ፣ ብሪጂት ወንበራቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ከኔ ቀድሞ ምንጣፉ ላይ ተዘረረ።

"አስካለ፣ ጉልበትሽ ከምንድን ነው የተሠራው?"

"ከሁዳዴ" አልኩት። አሠልጣኙ "ቀበቶውን ለሷ እናስረክብ መሰለኝ" እያለ ይስቃል። ኮልም ግን ፌዙን ዋጥ አድርጎ በየማለዳው ተነሳ። ሲሰግድ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል ጠይቄው አላውቅም። ፊቱ እየሾለ፣ ጉንጩ እየጎደጎደ መጣ።

የሚዛኑ ዕለት፣ መጋዘን አብራኝ የምትሠራው ጥሩወርቅ ካልሄድኩ ብላ እኔንና ብሪጂትን ተከተለችን። ቦታው የሆቴል አዳራሽ ነው፤ ፎቶ አንሺው ብዛቱ! ተጋጣሚው ወጥቶ ተመዘነ፤ ልክ ነው። ኮልም ወጣ። መዛኙ አንገቱን ነቀነቀ። ትንሽ አልፏል፤ በጣም ትንሽ። ኋላ ተመልሶ እንዲመዘን ጊዜ ተሰጠው። አሠልጣኙ ፊቱ አመድ መሰለ። ኮልም "አባቴ ሽርጡን ያዘጋጁ" አለና ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጣና የፕላስቲክ ልብሱን ለበሰ። ገመድ ይዘላል ብለን ስንጠብቅ፣ ምሥራቅ በየት በኩል ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። መስገድ ጀመረ። የተጋጣሚው ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ቆሙ።

"እዩት! ሳይመታ ወደቀ!"

"ነገ የሚወድቅበትን እየተለማመደ ነው!"

ኮልም ቀና እንኳ አላለም። ጥሩወርቅ "እናንተ ሥራ ፈቶች!" ብላ በአማርኛ ልትነሳባቸው ስትል ነጠላዋን ይዤ አስቀረኋት። ላቡ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። ብሪጂት በመቁጠሪያው፣ እኔ በውዳሴ ማርያም፣ አሠልጣኙ ጥፍሩን በመብላት፣ ሁላችንም በያለንበት ሥራ ላይ ነበርን።

ተጠራ። ካልሲውን ሳይቀር አውልቆ ወጣ። መዛኙ ጎንበስ ብሎ አየ፤ መነጽሩን አስተካክሎ ደግሞ አየ። "ልክ ነው!" አለ።

ጥሩወርቅ እልልታዋን ለቀቀችው። የአድባራት ታቦት ሲወጣ እንደሚባለው ያለ፣ የረዘመ እልልታ! መዛኙ ወደኋላ ተፈናጠረ፤ አንዱ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ሊጥል ምንም አልቀረው። ተጋጣሚው ደንግጦ "ምንድን ነው እሱ?" ሲል አሠልጣኙ "የሱ ቤተ ዘመዶች ናቸው፤ ነገ ሁሉም ይመጣሉ" አለው።

በማግስቱ ወደ ግጥሚያው ሄድን፤ ያገሬ ልጆችም ወሬውን ሰምተው ከላይ ወንበሮቹ ላይ ባንዲራ ይዘው ነበር። ግን ሁዳዴ ነው፤ ዓይንም ይጾማል ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ሰው ሰውን ሲደበድብ በጾም ማየት አልሆነልኝም። የመጀመሪያው ደወል ሲደወል ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩት። የሰማሁት የእግር ፍትጊያ፣ የጓንት ጥፊ፣ ከጎኔ ደግሞ የጥሩወርቅን "ወይኔ! ወይኔ! በለው!" ነው። ማንን በለው እንደምትል አይታወቅም። አዳራሹ ድንገት ሲነሳ ነጠላዬን ገለጥኩ፤ የኮልም እጅ ተይዞ ከፍ ብሏል። ጥሩወርቅን እንዴት አሸነፈ ብዬ ብጠይቃት "እኔንጃ፣ እየዘለልኩ ነበር" አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ያውቀዋል። አሸነፈ፣ ተሸነፈ፣ ደግሞ አሸነፈ። አባቱም ፎቶውን ሥጋ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለው ደንበኛ ሲመጣ በቢላ እየጠቆሙ ያወራሉ አሉ። እኔም አግብቼ፣ ወልጄ፣ እዚሁ ኤድመንተን ቀረሁ።

አሁን ብሪጂት ለኮልም የሻይ ግብዣ እያዘጋጁ ነው። "ስለ ዌምብሊው ግጥሚያ የምታወሪልን አንቺ ነሽ፤ ከፊት ነበርሽ" ብለው ወስነዋል። ከፊት መሆኔስ እውነት ነው። የልጁን ላብ፣ ረሃቡን፣ ኮሪደር ላይ የዋጠውን ስድብ ከኔ በላይ የሚመሰክር የለም፤ ሰው ያጨበጨበለትን ግን አላየሁትም። በሕይወቴ ብዙ ነገር እንዲህ አልፎኛል፤ ጸልዬለት፣ ሲፈጸም ዓይኔን ጨፍኜ። አልጸጸትበትም፤ ግን ይናፍቀኛል።

ስለዚህ በዚያ ቀን ዌምብሊ አዳራሽ የነበራችሁ ያገሬ ልጆች፣ ከላይ ከመጨረሻው ወንበር ሆናችሁ ባንዲራ ስታውለበልቡ የነበራችሁም፣ ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። በግራው ነው በቀኙ? ተጋጣሚው እንዴት ወደቀ? ኮልም ያን ጊዜ ፊቱ ምን ይመስል ነበር? ፊልሙን አትላኩልኝ፣ ደም ማየት አልችልም። በቃላችሁ ንገሩኝ፤ አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፣ ምንም ሳታስቀሩ።