ሁለት ጊዜ የመረቅኋት ሴት

ፊቷ አሁን በየመንገዱ አለ። ወደ ሮዝዌል ስነዳ አውራ ጎዳናው ዳር ትልቅ ሰሌዳ ላይ ሆና ትጠብቀኛለች፤ ማታ ቴሌቪዥን ስከፍት ቀድማኝ እዚያ ናት። የስቴታችን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ስትሆን አሁን ገዥ ለመሆን ትወዳደራለች። ድምፁን ዘግቼ አያታለሁ። ለምፈራው ነገር ጀርባዬን ሰጥቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ያየኋት ስኮትዴል ባለው የማኅበራችን አዳራሽ ነው። ያኔ የአንድ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ነበረች፤ ለትልቁ ወንበር ድምፅ ፍለጋ መጣች። ያመጣት የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ይህ ሰው ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር ኮቱን ለብሶ በር ላይ የሚቆም ሰው ነው። አገር ቤትም ሥራው ይኸው ነበር ይባላል። ይባላል ነው ያልኩት።

ከሴቶቹ በዕድሜ ስለምበልጥ እንድመርቃት ተጠየቅኩ። ነጠላውን ያመጣችው ታናሽ እህቴ ናት፤ ለራሷ ያስመጣችው፣ ገና ያልተለበሰ። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። ረጅም ሴት ናት፤ ዝቅ አለችልኝ። ልጄ ብዬ ጠራኋት። ከፍ በይ፣ ሹመትሽ ይባረክ፣ ጠላትሽ ከእግርሽ በታች ይውደቅ አልኩ። አዳራሹ አሜን አለ። ቃሉ በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያንም ያለ ስለሆነ እሷም አብራ አሜን አለች፤ ሰው አጨበጨበላት።

ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "እትዬ፣ ይቺ ሴት እዚያ ወንበር ላይ አትቀርም። ለእሷ መሸጋገሪያ ነው" አለኝ። በማን ላይ እንደምትሸጋገር አልጠየቅኩትም።

ተመረጠች። እህቴ ያኔ ኮንየርስ ውስጥ አዛውንቶችን በየቤታቸው የሚንከባከብ ድርጅት ነበራት። አንዲት የቀድሞ ሠራተኛዋ፣ ዲቪ ደርሷት ስትመጣ እህቴ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዳ የተቀበለቻት፣ ሠራተኛ ያልሄደበት ቤት ተሄዷል እየተባለ መንግሥት ይከፍላል ብላ አመለከተች። እውነት ነው ሐሰት የሚለውን እዚህ አላነሳም። ነገሩ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ቢሮ ደረሰ። ጠበቃችን ጉዳዩ በገንዘብ ቅጣት እንደሚያልቅ ተስፋ ነበራት። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አስጠነቀቀች፦ እህቴ ወደ ምስክሯ እንዳትደውል፣ እንዳትጽፍ፣ እንዳትቀርባት።

እህቴ አልደወለችም፣ አልጻፈችም፣ አልቀረበችም። ሽማግሌ መላክ ግን በእኛ ዘንድ ከዚህ ሁሉ አይቆጠርም። ሐሳቡን ያመጣው ሊቀመንበሩ ነው፤ እህቴ ቤት ተቀምጦ፣ እኔ እየሰማሁ። ልጅቷ የኛው ናት፣ ነገሩ በቤት ይለቅ፣ እኔ ራሴ እመራለሁ አለ።

ሁለት ሽማግሌዎች፣ እሱና እኔ ሆነን አራት ሰው ሄድን። ያመለከተችው ሴትዮ በአክብሮት ተቀበለችን፤ ወንበር አቀረበች። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ፣ እሺ ካላልሽን አንቀመጥም አሉ። አራታችንም ሳሎኗ መሐል ቆመን ቀረን። እሷ ማልቀስ ጀመረች። የእርቅ እንባ መሰለን። እዚህ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ አለቻት፤ ከጓዳ ስልኳን እንደያዘች ወጣች።

"ለምንድን ነው ቁጭ የማትሉት?" አለች። "ላይክ፣ እናቴን እያስፈራራችኋት ነው?"

ትልቁ ሽማግሌ ፈገግ ብለው፣ "ወጋችን ነው፣ የኔ ልጅ" አሏት።

"እዚህ አገር ክራይም ነው፣ አባባ።"

ያኔ አራታችንም ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ቀድሞን ተቀመጠ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ በልጅቷ ሲቀልድ ነበር። የእናቷ ልብ ግን ራርቷል፣ አይታችኋል አለን። ብዙም ሳይቆይ መርማሪዎች መጡ። ሊቀመንበሩ ለእነሱ፣ እኔ ለምኜው እንደሄደና የሄደውም ነገሩን ለማብረድ እንደሆነ ነገራቸው። ቃሉን ጠበቃችን አነበበችልን። እህቴ የሻይ ስኒዋን ከፊቷ ገፋች።

ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ማይክሮፎን ፊት ቆማ፣ ሰዎች ተሰብስበው ምስክሯ ቤት ገብተው፣ አቤቱታሽን ካላነሳሽ አንቀመጥም ብለው እናት አስለቀሱ አለች። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ከኋላዋ ሊቀመንበሩ ኮቱን ለብሶ ቆሟል፤ የስደተኞች ጉዳይ አማካሪዋ አድርጋው ነበር። የላከቻቸው እሷ ናት ተብሎ በእህቴ ላይ ምስክር ማስፈራራት የሚል ክስ ተጨመረ።

ይህች ሴትዮ ለምን እኛ ላይ ትበረታለች ብዬ ጠበቃችንን ጠየቅኳት። "ትልልቅ ኩባንያ መክሰስ ዓመታት ይፈጃል፤ የእናንተ ግን ከምርጫው በፊት ያልቃል" አለችኝ።

እህቴ ጥፋቷን አምና ፍርድ ስትጠብቅ ሊቀመንበሩ ቤቴ መጣ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ለገዥነት ስትወዳደር እንደገና አዳራሻችን ልትመጣ ነው፤ እኔን አስታውሳለች፤ ያቺ የመረቀችኝ እናት እንደገና ትመርቀኝ ይሆን ብላ ጠይቃለች አለኝ።

"ለእህትዎም አይከፋም" አለ።

"ይህ የተስፋ ቃል ነው?"

"ከአፌ ምንም አልወጣም፣ እትዬ። ካምፔይን ነው፤ ሰው ሰውን ያስባል።"

ተቀመጥ አልኩት። እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም አለ። ያንን ቃል ብለን የት ቆመን እንደነበር ትዝ ያለው አይመስለኝም። እኔ ሻዬን መጠጣት ጀመርኩ። ቆሞ ቀረ። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እግሩ እየተደገፈ ግድግዳዬን ያይ ነበር። በእኔ ቢሆን እስከ ማታ ባቆምኩት ነበር። እህቴ ግን ከመኝታ ቤት ወጣች። በዚያ ሰሞን በጣም ከስታ ነበር።

"እሺ ብላለች። ይቀመጡ" አለችው።

ስለዚህ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ የእህቴን ነጠላ ለብሳ መጣች። ማን እንደሰጣት ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። እንደ ድሮው ዝቅ አለችልኝ፤ ሽቶዋ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እጄን አንስቼ፣ ድምፄን ሳልለውጥ፣ እንዲህ አልኩ፦

"ለእህቴ የምታደርጊውን ያህል እግዚአብሔር ለአንቺ ያድርግልሽ። በሰፈርሽበት ቁና ይስፈርልሽ።"

ሕዝቡ የምርቃት ዜማ ሲሰማ አሜን ማለት ልማዱ ነው፤ ቃሉን የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። አሜን ተጀመረና መሐል ላይ ተሰበረ። ጮክ ብላ የጨረሰችው እሷ ብቻ ናት። ቀና ብላ ምን እንዳልኩ ሊቀመንበሩን ጠየቀችው። ድል ተመኝተውልዎታል አላት። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። እጄን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችኝ።

ፍርዱ ተሰጠ። ቢሮዋ ከባዱን ቅጣት ጠየቀ፤ ዳኛውም የተጠየቁትን ሰጡ። ስንት ዓመት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ እዚህ አልጽፈውም። እሑድ እሑድ እስር ቤቱ ድረስ እየነዳሁ ሄጄ እህቴን አያታለሁ። ሊቀመንበሩ አሁንም አዳራሹ በር ላይ ይቆማል፤ እኔ ስመጣ ግን ወደ ውስጥ ይገባል።

ባለፈው እሑድ እህቴ፣ ምን ብለሽ ነበር የመረቅሻት ብላ ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን አልነገርኳትም ነበር። ነገርኳት።

"እሷስ አሜን አለች?"

"አለች።"

ስመለስ ሰሌዳው ጋ ስደርስ መብራት በርቶበት ነበር። ምርጫው ገና ነው።