አያ ባኦ ያነደደው እሳት

በአገሬ ስለ እኔ ያልተወራ ነገር የለም። አንዱ ዘንዶ በሰይፍ ለሁለት ከፈለች ይላል፤ ሌላው ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ እጅ ነሣት ይላል። ዘንዶ አይቼ አላውቅም። ሕመምተኛ አባቴን ተክቼ፣ ፀጉሬን እንደ ወንድ ቋጥሬ፣ ሉ ተብዬ መዝመቴ ግን እውነት ነው። በሕይወት የተመለስኩት በሰይፌ እንዳይመስላችሁ። ያተረፈኝ አንድ ነጭናጫ ወጥ ሠሪ ነው፤ ስለ እሱ ግን ትንፍሽ የሚል የለም።

የቢንግ አውራጃ ሰው ነው፣ ባኦ ይባላል። በጦሩ ውስጥ አሥር ወታደር አንድ ምድጃ ይጋራል፤ የእኛን ምድጃ የያዘው እሱ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠን አያ ባኦ እንለዋለን። የወንድሞቹን ማሳ ሲያርም ያደገ፣ ለራሱ ሚስት ለመፈለግ እንኳ ፋታ ያላገኘ ሰው ነው። አፉ ግን አያርፍም። ገንፎው አረረ ያለውን ሁሉ "የእናትህ ቤት መሰለህ? ካላማረህ ፈረስህን ብላ" ይለዋል።

እኔ ላይ ደግሞ ይበረታብኝ ነበር። ሌሎቹ ሊታጠቡ ወንዝ ሲወርዱ "አንተ ትንሹ ሉ፣ ገላህ ቢጠራ ማን ሊያይልህ ነው? ሂድ እንጨት ልቀም" ብሎ ይሰደኛል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ከጫካው ጀርባ ያለውን ምንጭ ያገኘሁት በዚህ ሰበብ ነው። እዚያ ብቻዬን ተደላድዬ እየታጠብኩ፣ እሱን እየረገምኩ እመለሳለሁ።

አንድ የፀደይ ወራት ከሰሜን ፈረሰኞች ጋር ስንዋጋ ፍላጻ ከብብቴ ሥር ገባ። ተሸክመው ድንኳን አስገቡኝ። ሐኪሙ በየድንኳኑ እየዞረ የቁስለኞቹን ልብስ እያስወለቀ ያክማል። ሴት መሆኔ ከታወቀ የሚቆረጠው የእኔ አንገት ብቻ አይደለም፤ አባቴም ይጠየቅበታል። አልቆሰልኩም እንዳልል ደሜ ምንጣፉን አርሶታል።

ቀኑም የከፋ ቀን ነበር። የቀዝቃዛ ምግብ ሰሞን ነው። የቢንግ ሰዎች በተራራ ላይ በእሳት ለሞተው ታማኝ ሎሌ ሲሉ በዚያ ሰሞን ምድጃ አያነዱም፤ ቀዝቃዛ የገብስ ገንፎ እየበሉ ይሰነብታሉ። ከመካከላቸው አንዱ እሳት ያነደደ እንደሆነ በአገሩ ማሳ ላይ በረዶ ይወርዳል ይላሉ። የጦራችን እኩሌታ ከቢንግ የመጣ ነው። አያ ባኦ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ አመዱ ሞቆ እንዳይገኝ እንኳ ውሃ ያፈስበታል።

ሐኪሙ መጋረጃውን ሲገልጥ አያ ባኦ በሩ ላይ ተገትሮ አገኘው።

"ይሄን እኔ አየዋለሁ" አለው።

"አንተ ወጥ ሠሪ አይደለህም እንዴ?"

"በሬ ስበልት የኖርኩት ሰውዬ ይሄ ከሲታ ምን ያቅተኛል? ሂድ፣ ወዲያ የሚያቃስቱት ይጠብቁሃል።"

ሐኪሙ ደክሞት ስለነበር አልተከራከረም። አያ ባኦ አጠገቤ ቁጭ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ አውቃለሁ። አሥር ሰው ከአንድ ድስት ሲበላ ምን ይደበቃል? እንጨት ልቀም እያልኩ ስልክሽ እንጨት አንሶኝ መሰለሽ?"

ሕመሜን ረስቼ አለቀስኩ። ፍላጻውን ነቀለልኝ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። በጋለ ብረት መተኮስ ነበረበት። ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ወጥቶ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ምድጃውን አነደደ። ጭሱን ያዩ የአገሩ ልጆች እየሮጡ መጡ። ምን ነካህ ሲሉት "ገንፎ አማረኝ" ብቻ አላቸው። ደበደቡት። ፊቱ አብጦ፣ የጋለ ቢላውን ሳይለቅ ገባና "ጥርስሽን ንከሺ" ብሎ ቁስሌን ተኮሰው።

በዚያ ዓመት በአያ ባኦ መንደር በረዶ ወረደ። በረዶ የሆነ ቦታ መውረዱ መቼም አይቀርም፤ ግን ማን ይሰማል?

ጦርነቱ አበቃ። እኔ ቀሚሴን ለብሼ ወደ ሽመናዬ ተመለስኩ፤ ምስጢሬም ወጥቶ ምሕረት አገኘሁ። የእሱን ወሬ ያመጣልኝ አንድ የጨው ነጋዴ ነው። ቀዝቃዛው ሰሞን ሲያልፍ የመንደሩ ሽማግሌ እንጨት ፈትጎ አዲስ እሳት ያወጣል፤ ለየቤቱም ያካፍላል። ለአያ ባኦ ግን ተከልክሏል። በየዓመቱ ከተራራው ማዶ ለምኖ ያመጣል፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይጠፋበታል። ለምን ብለህ ነው ያነደድከው ሲሉት ዛሬም መልሱ ያው ገንፎው ነው። ይህን እንደሰማሁ በቅሎዬን ጭኜ ሄድኩ።

አዲሱ እሳት በሚወጣበት ጠዋት ደረስኩ። መንደሩ በሽማግሌው ግቢ ተሰብስቧል። አያ ባኦ ሸብቶ፣ ጎብጦ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ወዲያው አወቀኝ።

"ምን ልትሠሪ መጣሽ? እዚህ የሚያውቅሽ የለም፤ ዝም በይ" አለኝ።

ዝም አላልኩም። በሕዝቡ መካከል ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ያ እሳት የነደደው የእኔን ነፍስ ለማትረፍ ነው። በረዶ ማሳውን የመታበት ካለ እኔን ይጠይቅ" አልኩ።

ዌይ የምትባል አሮጊት ብድግ አለች። የዚያን ዓመት እህሏ ወድሞ የልጅ ልጇን በረሃብ የቀበረች ናት።

"አንተ ባኦ፣ ለሰው ነፍስ መሆኑን ለምን አልነገርከንም?"

"ብነግራችሁ በረዶው ይቀር ነበር እናቴ?"

አሮጊቷ ሽማግሌውን አልፋ፣ ከአዲሱ እሳት አንድ ትንታግ አንሥታ ከአጥሩ ውጭ ወጣችና አስያዘችው። "ሂድ፣ ሳይጠፋብህ" አለችው።

ትንታጉን አብሬው ያዝኩና ወደ ቤቱ መንገድ ጀመርን። ስንት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ያን ጊዜ አወጣሁት። "አያ ባኦ፣ አባቴን ዳግመኛ አይቼ የቀበርኩት በአንተ ነው። የማየው ፀሐይ ሁሉ በአንተ ነው" አልኩት።

"እጅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ንፋሱ ያጠፋብናል" አለኝ እያለቀሰ።