የሶፋው ሲሶ

ወይዘሮ ዕፀገነት ጌጃ ሰፈር ባለ አንድ የሶፋ ወርክሾፕ ውስጥ የሠራተኛውን ደመወዝ አስልተው የሚከፍሉ ሴት ናቸው። ከሰው ጋር ተጣልተው አያውቁም፤ የሚፈሩት ነገር ቢኖር ፍርድ ቤት ነው። መኖሪያቸው ልደታ በመሆኑ ጠዋት ጠዋት አጭሩ መንገድ በፍርድ ቤቱ በር በኩል ነው፤ እሳቸው ግን ዙሪያውን ይሄዳሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ከዚያው የሚፈሩት ቦታ ትዕዛዝ መጣላቸው። የወርክሾፑ ሶፋ አልባሽ ህሩይ ከሚስቱ ከደላዊት ተፋቷል። ትዕዛዙ ለሴት ልጃቸው ቀለብ እንዲሆን ከደመወዙ ሲሶው በየወሩ ተቆርጦ ለእናትየዋ ይሰጥ ይላል። ወይዘሮ ዕፀገነት ትዕዛዙን ጠረጴዛቸው ላይ ካለው መስታወት ሥር አስገቡት። ደላዊት በየወሩ እየመጣች ብሯን ትቀበላለች፣ ትፈርማለች፣ ትሄዳለች። ምንም ችግር አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ብዙ ሶፋ ያዘዘ አንድ ሆቴል ሳይከፈት ሲቀር ነው። ወርክሾፑ ከወለል እስከ ጣሪያ ሶፋ ሆነ። ባለቤቱ ጋሽ ወልደትንሣኤ ሠራተኛውን ሰበሰቡና፣ “ብር የለኝም፤ ሶፋ አለኝ። የዚህን ወር በሶፋ ውሰዱ” አሉ። ሠራተኛው አጉረመረመ፣ በኋላ ግን ከባዶ እጅ ይሻላል ብሎ ተስማማ። የህሩይ ደመወዝ ሲታሰብ ልክ አንድ ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ ሆነ።

ወይዘሮ ዕፀገነት መስታወቱን አንስተው ትዕዛዙን እንደገና አነበቡት። ከዚያ ህሩይን ጠሩት።

“ህሩይ፣ አንዱ መቀመጫ የልጅህ ነው።”

“እንዴት ማለት?”

“ሦስት መቀመጫ አይደል? ሲሶው አንድ ነው።”

“ሸጬው ብሩን ልስጣት እንጂ፣ ወይዘሮ ዕፀገነት።”

“አንተ ሸጠህ ስጣት አይልም። ቆርጣችሁ ስጡ ነው የሚለው። ካልቆረጥኩ የምጠየቀው እኔ ነኝ።”

ህሩይ ወደ ጋሽ ወልደትንሣኤ ሄደ። እሳቸውም፣ “በፍርድ ቤት ነገር እኔን አታስገባኝ፤ ይቆረጥ ካለች ይቆረጥ” አሉት። ህሩይም ሌላ ሰው ሥራውን እንዳያበላሽበት ብሎ መጋዙን ራሱ አነሳ። ወይዘሮ ዕፀገነት ሜትር ይዘው አጠገቡ ቆሙ። ሲጨርስ የተቆረጠውን ጎን በዚያው ጨርቅ አለበሰው፣ የጎደለውን እግር ገጠመለት። ቁርጡ እንኳ እንደ ሥራ አምሮ ነበር።

ደላዊት መጣች። አንድ ክንድ፣ አንድ የእጅ ማሳረፊያ ብቻ ያለውን መቀመጫ ዞራ አየችው።

“እትዬ ዕፀገነት፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“የልጅሽ ቀለብ።”

“ልጄ እኮ ስፖንጅ አትበላም።”

“አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። እዚህ ጋ ፈርሚ።”

በሚቀጥለው ወርም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ወር ደመወዝ ሶፋ ነበር። ወይዘሮ ዕፀገነት አሠራር እንዳይዛባ ብለው ሁልጊዜ ከቀኝ በኩል አስቆረጡ። በመጨረሻ የደላዊት ቤት የቀኝ ክንድ ብቻ ባላቸው መቀመጫዎች ተሞላ። የህሩይ ቤት ደግሞ የቀኝ ክንድ በሌላቸው ሶፋዎች። የእሷንም የእሱንም የሚገዛ ጠፋ። ደላዊት አንዱን መቀመጫ ተሸካሚ ቀጥራ ችሎት ድረስ አሸክማ ሄደች። ተራዋ እስኪደርስ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠውበት እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ስሟ ሲጠራ ሽማግሌውን መቀስቀስ ግድ ሆነ።

ወይዘሮ ዕፀገነትም ተጠሩ። ትዕዛዙን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀረቡ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች።

“ሶፋ ቁረጡ ያለዎት ማነው?”

“ትዕዛዙ ነዋ፣ ክብርት ዳኛ። ከደመወዙ ሲሶውን ቆርጣችሁ ስጡ ይላል።”

ዳኛዋ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። በእርግጥም እንደዚያ ይላል።

“እሺ፣ ደመወዙ በፍየል ቢከፈል ኖሮስ ምን ያደርጉ ነበር?”

ወይዘሮ ዕፀገነት ከልባቸው አሰቡ።

“ፍየሏ የምትሰጠው ታርዳ ነው ወይስ በቁሟ?”

ችሎቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ መልሱን እየጠበቁ ነበር። ዳኛዋ ግን ወደ ውሳኔው አለፈች፦ የተቆረጠው ይገጠም፣ ይሸጥ፣ ከብሩ ሲሶው ለልጅቷ ይሰጥ። ከእንግዲህም ቀለቡ በብር ብቻ ይሁን። ህሩይ በመጀመሪያው ቀን ያለው ይህንኑ ነበር።

እሑድ ህሩይ መሣሪያውንና ሶፋዎቹን በፒክአፕ ጭኖ ከልደታ ማርያም ጀርባ ወደሚገኘው የደላዊት ቤት መጣ። መገጠሙን ለማረጋገጥ ወይዘሮ ዕፀገነትም አብረው ነበሩ። ሁለቱ ያለችግር ተገጠሙ። ሦስተኛው መቀመጫ ላይ ግን ልጅቷ እድላዊት አሻንጉሊቷን ታቅፋ ተቀምጣለች።

“ተነሺ፣ ማሬ፣ አባባ ሊገጥመው ነው” አለቻት እናቷ።

“ይሄ የኔ ነው። ከአባባ ደመወዝ የተቆረጠልኝ።”

ህሩይ መዶሻውን እንደያዘ ቆመ። ወይዘሮ ዕፀገነትን አየ።

“እኔን ምን ታየኛለህ?” አሉ እሳቸው። “ልጅቷ ትክክል ናት።”

“ውሳኔው ግን ይገጠም ይላል፣ ወይዘሮ ዕፀገነት።”

ወይዘሮ ዕፀገነት ወደ በሩ ዞር አሉ። “እኔ ሁለት ሲገጠም አይቻለሁ። ለሦስተኛው መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ።”

ሁለቱ ሶፋዎች በሳምንቱ ተሸጡ። ህሩይ መቀመጫውን ለልጅቷ ትቶ ቀኝ ክንድ የጎደለውን ሦስተኛውን ሶፋ ይዞ ተመለሰና አዲስ ክንድ ሠራለት፤ ያው ጨርቅ አልቆ ስለነበር ቀኙ ቡናማ፣ ግራው አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።