አሜን ያላልኩበት ምርቃት

የጠመኔ ሽታ እስከ ዛሬ ያንቀኛል። ባለፈው ቅዳሜ ሜልበርን ዳርቻ ዌሪቢ፣ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ የልጅ ልጄ መኪና ማቆሚያው ሲሚንቶ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ የጭነት መኪና ይስል ነበር። ፀሐዩ ሲሚንቶውን አግሎታል። ነፋሱ ከአትክልት እርሻዎቹ የጎመን ሽታ ያመጣል። እኔ ግን የሸተተኝ ጠመኔው ብቻ ነው።

«አያቴ፣ ሉክ! እዪው!» አለኝ።

አየሁ። ማየት የማልፈልገውንም ጨምሬ አየሁ።

ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ የትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀኔ። ክፍላችን ቆርቆሮ ጣሪያ ስለነበረው ሙቀቱ ከላይ ይወርድብናል። መምህርቷ ወጣት ነበረች፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጡ። «ነበረች» ማለቴን ልብ በሉ። አንቱ የምላት ፊት ለፊቷ ብቻ ነበር።

ተራ በተራ እያስነሳች ስማችንን ጠየቀችን። የእኔን ነገርኳት።

«የአባትሽስ?»

«ቪቶርዮ።»

«ማን?»

«ቪቶርዮ።»

«አባትሽ ጣሊያን ነው?»

«አይደለም። መካኒክ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። «አገራችንን በወረረ ንጉሥ ስም የሚጠራ ሰው እኔ ክፍል ውስጥ የለም፤ ከዛሬ ጀምሮ የወርቁ ልጅ ነሽ» አለችኝና ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈችው። ብናኙ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ላይ ወረደ።

በእኛ አገር የአባት ስም ማለት አባት ማለት ነው። እሷ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም።

አባቴ ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው። እናቱ ምጥ ጠንቶባት መንገድ ዳር ወድቃ ሳለ፣ ሲሚንቶ የጫነ ጣሊያን ሾፌር አቆመላት፤ ከረጢቶቹ ላይ አስተኝቶ ሆስፒታል አደረሳት። ስሙን ጠየቀችው፣ ነገራት፣ ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየችውም። ሌላ ነገር ነበረ የሚሉ አሉ። እናቱን አያውቋትም። እኔ አውቃታለሁ፤ ከዚህ በላይም ለማንም አላስረዳም።

አንድ የዝናብ ጠዋት ሹራቤን ቤት ረስቼ ሄድኩ። አባቴ ከጋራዡ መጣ፤ ሰማያዊ ቱታው ላይ ግራሶ፣ ጫማው ላይ ጭቃ፣ ሹራቤ ብብቱ ስር። በሩ ላይ ሲደርስ መምህርቷ ስም እየጠራች ነበር። የእኔን ስም ጠራች፤ አስከትላም «ወርቁ!» አለች።

«አቤት!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ እንዳስተማረችን።

አባቴ ሰማ። ፊቱ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጥቶ እዚያው ቀረ። ሹራቤን በር አጠገብ ለተቀመጠችው ልጅ ሰጥቶ ሄደ። የግራሶው ሽታ ግን እስከ ዕረፍት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ቆየ።

ማታ እራት ላይ «ወርቁ ጥሩ ስም ነው» አለኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ሊወስደኝ ሲመጣ ከመንገዱ ማዶ ነበር የሚቆመው። ግቢውን ዳግም አልረገጠም። መምህርቷ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ጎበዝ ብላ እርሳስ ሸለመችኝ። ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።

ሳድግ ስሜን አስመለስኩ። ሜልበርን ስመጣ የአባቴን ስም ይዤ መጣሁ። ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ሺፍት ስሠራ፣ ደረቴ ላይ የማንጠለጥለውን ባጅ አይቶ የጣሊያን ዘር የሆነው ሱፐርቫይዘሬ «የአያቴ ስም ነው» ብሎ በማግስቱ ከጓሮው ዝኩኒ አመጣልኝ። ያ ብቻ ነው። ማንም አልሳቀም፣ ማንም ጠመኔ አላነሳም። አባቴ ሲሞት ያው መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። አልደረስኩለትም።

ደግሞ ማን ሜልበርን ቢመጣ ጥሩ ነው? እሷ፣ መምህርቷ! ልጇ አስመጥቷት አስኮት ቬል ካሉት የመንግሥት ፎቆች ውስጥ ትኖር ጀመር። ሁሉም «እትዬ» ይላታል፤ ድግስ ላይ ከፊት ያስቀምጧታል፣ ያለ እሷ ምርቃት ማዕድ አይነሳም። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ትክ ብላ አየችኝና «አንቺ የወርቁ ልጅ አይደለሽም?» አለችኝ። ያን ሁሉ ዘመን ኖራ፣ ያስታወሰችው የራሷን ፈጠራ ነው!

ልጄ ስታረግዝ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። ወንድ ከሆነ የአባቴን ስም ስጪልኝ አልኳት። «እሺ እማዬ» አለች። ባሏ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ስልኩን አወጣ። «ሰርች አድርጌዋለሁ እማማ፤ በዚህ ስም ብዙ ታዋቂ ሰው አለ» ብሎ ያነብልኝ ጀመር። ጣሊያንን አንድ ያደረገ ንጉሥ አለ። ከወንበሩ እንዳይነሳ ራሱን አሳስሮ የሚጽፍ ጸሐፌ ተውኔት አለ። የድሆችን ኑሮ ፊልም ያደረገ አለ። የውድድር መኪና ሞተር የሠራም አለ፤ አባቴ ቢሰማ ስለ ሞተሩ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። «እኛን የወረረውም ንጉሥ አለ…» አለና ድምፁን ቀነስ አደረገ። እኔ ስሙን የምፈልገው ለአንድ ሰው ብዬ ነው፤ እሱ ደግሞ ስልኩ ውስጥ የለም።

ሕፃኑ ወንድ ሆነ፤ ስሙ በክርስትናው ቀን ይወጣል ተባለ። በአርባ ቀኑ ክርስትና አስነሣነው፤ አስኮት ቬል ሆል ቡክ አድርገን ደገስን። ምግቡ ሲነሳ መምህርቷ በከዘራዋ ተደግፋ ቆመች። ሁሉም እጁን ዘረጋ።

«እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ!»

«አሜን!»

«ናሆምን በጥበብ፣ በሞገስ ያሳድግልን!»

«አሜን!»

አዳራሹ ሙሉ አሜን አለ። ልጄ አሜን አለች። ባሏ አሜን አለ፤ እሱማ ስሙን የመረጠው ራሱ ነበር፣ ቀደም ብሎ መምህርቷ ጆሮ ላይ ሹክ ያለላትም እሱ ነው። የተዘረጋውን እጄን አጠፍኩ።

«እትዬ፣ የልጁ ስም ቪቶርዮ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ አሁንም አልተውሽም?» ብላ ሳቀች። በዚህኛው ጊዜ ሳቀች። «ያ ንጉሥ በዚህ ስም ይጠራ እንደነበረ አማችሽ ራሱ አሳይቶኛል እኮ!»

«አባቴን ግን አላሳየዎትም። አባቴ ማንንም ስላልወረረ ማንም አልጻፈውም። እርስዎ ግን ሁለት ጊዜ ሰረዙት።»

«ኧረ ተይ፣ ምርቃት አይቋረጥም!» አሉ ከወዲያ ከወዲህ። አንዷማ «እርጅና ነው» ስትል ሰማኋት፤ ከመምህርቷ አሥራ አምስት ዓመት የማንሰውን እኔን! ልጄ እጅጌዬን ጎተተችኝ። «እማዬ፣ ፕሊስ። አንዴ አሜን ተብሏል።»

አንዴ አሜን ተብሏል። ልጁ በዚያው ናሆም ሆኖ ቀረ። የመዋዕለ ሕፃናት ቦርሳውም፣ የልደት ኬኩም ናሆም ይላል። ጥሩ ስም ነው። ወርቁም ጥሩ ስም ነበር።

መምህርቷ አምና ሞተች። ለቅሶ ሄድኩ፤ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ስንት ልጅ ለቁም ነገር እንዳበቃች ያወራ ነበር። ይቅር አለቻት እንድትሉም አልፈልግም፤ አላልኳትም።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ልጁ የጭነት መኪናውን ስሎ ጨረሰ። ጎማዎቹ ከመኪናው ይበልጣሉ። ከኋላ ከረጢት የሚመስሉ ነገሮች ደርድሯል።

«ማን ነው የሚነዳው?» አልኩት።

«ድራይቨሩ።»

«ስም የለውም?»

ትከሻውን ሰበቀ። ከወንበሬ ወርጄ፣ ጉልበቴ እየጮኸ አጠገቡ ተንበረከክሁና ስሙን በጆሮው ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀም። አንዴ በለሆሳስ ሞከረው። ከዚያ ብድግ ብሎ፣ መሪ እንደያዘ ሰው እጆቹን እያዞረ ግቢውን ይዞር ጀመር።

«ቪቶርዮ! ካም ኦን፣ ቪቶርዮ!»

ጎረቤት ይሰማል። ወጥ ቤት ውስጥ ልጄ የምታጥብበት የቧንቧ ውሃ ድምፅ ቆመ። ልጁ መልስ የሚጠብቅ ይመስል ዞሮ አየኝ፤ እጁ እስከ ክንዱ በሰማያዊ ጠመኔ ተለውሷል።

«ቪቶርዮ!»

«አቤት» አልኩ።