ዝም ያለ መስመር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬአለሁ፣ ሰው ማማቴን ነግሬአለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ለማላይህ አንባቢ መናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ እወቅ። ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ከጀፕስታውን እስከ ሜይፌር፣ ካሜራ ወይም አላርም ያስገጠመ ሐበሻ ሁሉ ያውቀኛል። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። የተጣለ ሬዲዮ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ ተቃጥሎብኝ፣ እንደገና ፈትቼ ነው ራሴን ያስተማርኩት። ዲግሪ የጫኑ ልጆች "አይሠራም" ብለው የሄዱትን ዕቃ አስነስቻለሁ። "ጋሼ ኢንጂነር" ይሉኛል፤ አይደለሁም ብዬ አላውቅም። መመሪያ አላነብም ነበር፤ መመሪያ እጁን ለማያምን ሰው ነው እል ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ትንሽ ደስ አለኝ። ኩራቴ ገና አልሞተም ማለት ነው፤ እሱም ያስፈራኛል።

ጀፕስታውን ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ የጅምላ ሱቆች ሕንጻ አለ። በየሱቁ ጠረጴዛ ሥር የአደጋ ቁልፍ ተቀብሯል። ሌባ ሲገባ ባለ ሱቁ ቁልፉን ይጫናል፣ ምድር ቤት ያለው የጥበቃ ክፍል ይጮኻል፣ የታጠቁት ሰዎች ይወጣሉ። የአላርሙ ዋና ሣጥን አሮጌ ስለነበረ የሚናገረው በድሮው የሲሪያል ገመድ ብቻ ነው። የጥበቃ ክፍሉ ኮምፒውተር ደግሞ አዲስ ነው፤ የሚሰማው በኔትወርክ ብቻ። ሁለቱን እንዳስታርቅ ተጠራሁ።

አስታራቂዋ መዳፍ የምታህል ሣጥን ናት፤ እኛ ኮንቨርተር እንላታለን። በአንድ ጎኗ የድሮውን ገመድ፣ በሌላው የኔትወርኩን ትቀበላለች። መሰካቱን ማንም ይሰካዋል፤ ሥራው ያለው ሴቲንጓ ላይ ነው። ላፕቶፔን ሰክቼ ገጿን ከፈትኩ። አድራሻ ሰጠኋት፣ የምትሰማበትን የፖርት ቁጥር ሞላሁ። ፍጥነቷን ከአሮጌው አላርም ፍጥነት ጋር አስተካከልኩ፤ ይህ ካልገጠመ የሚመጣው ቃል የሰካራም ወሬ ይሆናል። ማን ይደውል፣ ማን ይጠብቅ የሚለውንም መረጥኩ። ሣጥኗ ትጠብቅ፣ ኮምፒውተሩ ጠዋት ሲነሳ ይደውልላት አልኩ።

ከታች አንድ ክፍት ቦታ ቀረ። መስመሩ ዝም ካለ በስንት ደቂቃ ይዘጋ? ይላል። ዜሮ ከጻፉበት መቼም አይዘጋም።

እኔ አስር ብዬ ጻፍኩ።

ለምን አስር? ከዚያ በፊት አንድ መጋዘን ውስጥ የእህል ሚዛን በዚህችው ዓይነት ሣጥን አገናኝቼ ነበር። አንዱ ኮምፒውተር መስመሩን ይዞ አልለቅ ሲል በአስር አስለቀቅሁትና ተጨበጨበልኝ። ሚዛን ግን ሲለፈልፍ የሚውል ነገር ነው። የአደጋ ቁልፍ ክፉ ቀን እስኪመጣ ዝም ብሎ የሚኖር ነገር ነው። ይህ እንዴት ይጠፋል? ለእኔ ጠፋኝ። ጭብጨባው ጆሮዬ ላይ ነበርና ጠፋኝ።

ጨርሼ ሰዉን ሰበሰብኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ጮኸ። መስመሩ ገና ትኩስ ነው፤ እንዴት አይጮኽ! "እጅዎ ይባረክ ጋሼ!" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስመሩ ጠዋት ይከፈታል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ይሞታል። የጥበቃ ክፍሉ ስክሪን ላይ ያለችው አረንጓዴ ምልክት ግን ጠዋት መስመሩ መከፈቱን ብቻ ስለምታሳይ እንደበራች ትውላለች። ያ ሁሉ ሰው ለወራት በሞተ ቁልፍ ላይ ተደግፎ ነገደ። ማንም አላወቀም። የአደጋ ቁልፍን ለጨዋታ የሚጫን የለምና።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሦስት ሰዎች ብርድ ልብስ የሚገዙ መስለው ሁለተኛ ፎቅ እቴነሽ የምትባል ነጋዴ ሱቅ ገቡ። እቴነሽ ቁልፉን ተጫነች። ማንም አልመጣም። ደግማ ስትጫን አንዱ አያትና በሽጉጡ ሰደፍ እጇን ሰበረው። ተጠርቼ ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። የተሰበረ እጇን ታቅፋ በደህናው አውራ ጣቷ አየሩን ትጫናለች። "ተጫንኩት" ትላለች። "እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ተጫንኩት።"

ወደ ጥበቃ ክፍል ወረድኩ። ስክሪኑ ፊት የሚቀመጠው ማቴዎስ የሚባል የሆሳዕና ሰው ነበር፤ አማርኛው ቀስ ያለ፣ ጨዋ፣ መሐላ የማያውቅ ጴንጤ። ወንበሩን ለቀቀልኝና ከኋላዬ ቆመ።

"ጋሼ፣ አረንጓዴ ነበር። ዓይኔን አልነቀልኩም። ምን አገኙ?"

ገጿን ከፍቼ አስሯን አየሁ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ገባኝ። ስሜ፣ ጭብጨባው፣ ጋሼ ኢንጂነር፣ ሁሉም ሲረግፍ ታየኝ።

"ዝም በል፣ እየሠራሁ ነው" አልኩት።

አስሯን አጥፍቼ ዜሮ ጻፍኩ። ማቴዎስ ትከሻዬ ላይ እየተነፈሰ ዜሮ ጻፍኩ፤ መስመሩ እንዲከፈት ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። ከዚያ የሕንጻውን ኃላፊ አስጠርቼ በሁሉም ፊት የእቴነሽን ቁልፍ ተጫንኩ። ሕንጻው እስኪናወጥ ጮኸ።

"ማሽን አይዋሽም" አልኩ። "ሰው ነው የሚተኛው።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። "ይመርመርልን" ያለ እንኳ አልነበረም፤ ቃሌ በቂ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማቴዎስን አባረሩት። ሰነፍ መባሉ ቢያንሰው የሌባ ተባባሪ አሉት። ጸሎት ቤት እንኳ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ አሉ። ኋላ ከከተማው ውጭ ወዳለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ቮስሎሩስ ወርዶ ስፓዛ የሚሏትን የመንደር ትንሽ ሱቅ ከፈተ።

እኔስ? ሥራ በዛልኝ። ፍርሃትም በዛብኝ። ሜይፌር ያለው ቤቴ በር ሲንኳኳ ከወንበሬ እዘላለሁ። ሌላ ቴክኒሻን ሕንጻው ገባ ሲሉኝ ምግብ አይወርድልኝም። ምን ያገኛል? ዜሮ ነው ያለው፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት! ይህን አውቃለሁ፤ ግን እፈራለሁ። በየሄድኩበት ቤት ሳልጠየቅ የአደጋ ቁልፍ እጫናለሁ፣ እስኪጮኽም ትንፋሼን እይዛለሁ።

በቀደም ስልኬ ጮኸ። ማቴዎስ ነው። አወቀ ብዬ ነበር። አላወቀም። አሮጌ አላርም አግኝቷል፤ ከጎረቤቱ ባለ ሱቅ ኮምፒውተር ጋር እንዳገናኝለት ፈልጓል። "ከእርስዎ እጅ በቀር የማምነው የለም" አለኝ። እንዴት እምቢ ልበል?

ሄድኩ። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ነው የሚውለው። ዳቦ የምትገዛ ሴት አይታኝ "ሳውቦና ምኩሉ" አለች። ማቴዎስ ሳቀ፤ "አያቴ እንደምን ዋሉ ማለቷ ነው ጋሼ። ኢንጂነር መሆንዎን አላወቀችም።" እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ዓይኑ ደም መስሏል።

"አትተኛም እንዴ?" አልኩት።

"መተኛት እፈራለሁ" አለኝ። "መጀመሪያ አልተኛሁም እል ነበር። ግን በእርስዎ እጅ ሲጮኽ በጆሮዬ ሰማሁ። ታዲያ ምን ልበል? አንቀላፍቼ መሆን አለበት። እቴነሽ ጋ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ይቅር አለችኝ።"

ስማኝ፣ አንባቢ። ሥራውን ብቻ አይደለም የወሰድኩበት። ነቅቶ ያየውን፣ የገዛ ዓይኑን ነው የወሰድኩበት።

ሣጥኗን ሰክቼ ሴቲንጓን ሞላሁ። ከታች ዜሮ ጻፍኩ። ማቴዎስ እንደዚያ ቀን ከኋላዬ ቆሟል።

"ይቺ ዜሮ ምንድን ናት ጋሼ?"

"ዝም ያለ መስመር እንዳይቆረጥ ነው።"

"ጀፕስታውን ያለችውም ዜሮ ነበረች?"

እንዲህ ቀጥ ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። እግዚአብሔር በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። እኔ ግን "ዜሮ ነበረች" አልኩ። እውነት ነው፤ ዜሮ ነበረች፤ በገዛ እጄ ዜሮ ካደረግኋት በኋላ። ራሱን ነቀነቀ። ለመንገዴ ውሃና ብስኩት በፌስታል ቋጠረልኝ። ታክሲ ውስጥ ፌስታሉን ሳልፈታው ታቅፌው ሄድኩ።

ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። የእኔ ነቅዟል። አርጅቻለሁ፣ ዘመኑ አስቸጋሪ ነበር፣ ሣጥኗ አታላይ ናት ልልህ እችላለሁ። ሐሰት ነው። ማረኝ ብዬም አልለምንህም። እቴነሽ ይቅርታዋን ላላጠፋው ሰው ሰጥታዋለች፤ ጥፋቴን ስጭንበት ይቅርታዬም አብሮ ሄደ። አንተ አንባቢ ሆይ፣ ቮስሎሩስ ብትደርስ ንገርልኝ ልልህ ነበር። እሱም ፍርሃት ነው። በፍርግርጉ በኩል ራሴ እነግረዋለሁ። ድምፄ እንዳይከዳኝ ስለምፈራ ግን እዚሁ ጽፌዋለሁ፤ ከከዳኝ ወረቀቱን አሾልክለታለሁ።

ማቴዎስ፣ አስር ነበረች። አልተኛህም።