ለተዝካር የታጨው አውራ በግ

የሟቹ ባሌ አርባ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ታላቅ ወንድሙ ከወሎ መጣ። ጋሼ ነው የምለው። ያን ሁሉ መንገድ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣው ቀይ አውራ በግ ነበረው፤ ሲራመድ ላቱ ከኋላው እንደ ትራስ ይወዛወዛል። በረቴ ውስጥ ያሉት ግን የዚህ የአሶሳ ቆላ በጎች ናቸው። እግራቸው ረጅም፣ አፍንጫቸው ጎበጥ ያለ፣ ጅራታቸው ቀጭንና ወደ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ።

ጋሼ ገና እንደገባ ያለኝን አንድ አውራ ያዘና፣ በደጋ ገበያ እንደሚደረገው ላቱን ሊመዝን እጁን ከኋላ ሰደደ። የጨበጠው ጅራት ብቻ ነው።

«ይኼ በግ ነው ወይስ የአይጥ አጎት?» አለ።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሳቁ። እኔም ከብዙ ቀን በኋላ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ጋሼ ጅራታሙ አውራ ለባሌ ነፍስ እንዲታረድ፣ ያመጣው ደግሞ ለዘር እንዲቀር ወሰነ። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ተስማሙበት። ነገሩ ያምራል፤ የሟቹ በግ ለሟቹ ተዝካር፣ የወንድሙ ስጦታ ለቤቱ መጽናኛ። በጎቹን የማሰማራው እኔ መሆኔን ያነሳ አልነበረም።

ያ ቀይ በግ ክረምቱን እንደማያልፍ አውቅ ነበር። እዚህ ዝናብ ሲገባ ከወንዙ ዳር ዝንብ ይነሣል፤ ዝንቡ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ ያመጣል። የደጋ በግ ገንዲ ከያዘው ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ላቱ እንደ ባዶ ከረጢት ይንጠለጠላል። የእኛዎቹም ይታመማሉ፣ ግን ሣር መንጨታቸውን አይተዉም። አውራዬ ታርዶ ቀዩም ከሞተ ሴቶቹ ያለ አውራ ይቀራሉ፤ በረቱም ያልቃል ማለት ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት ይኸው ጋሼ ልክ እንዲህ ያለ በግ ልኮልን ነበር። ባሌ፣ ጋሼ ወሎ ሲቀር፣ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ወደዚህ የመጣ የሰፋሪ ልጅ ነው፤ አባቱ ስለ አገራቸው በግ ላት ሲያወራ እየሰማ ያደገ። ስጦታው ሲደርሰው ከደስታው ብዛት የነበረንን አውራ ለሰርግ ቤት ሰጠ። ቀዩ ሐምሌን አላየም። የተወለዱለት ግልገሎችም ተከተሉት። የአገሩ ተወላጅ፣ በርታ የሆነችው ጎረቤታችን ይህን ሁሉ በቀርከሃው አጥር አሻግራ ስታይ ከርማ፣ የራሷን አውራ እየጎተተች መጣች። ለባሌ «ላት ዝንብ አያባርርም፤ ጅራት ነው የሚያባርረው» አለችው። ዛሬ ያለው አውራ የዚያ ልጅ ነው።

ባሌ ግን ለወንድሙ እውነቱን መንገር አፈረ። በስልክ በተገናኙ ቁጥር «የበግህ ልጆች በረቱን ሞሉት» ይለዋል። እኔም ስልኩን ተቀብዬ «እውነት ነው፣ ጋሼ» እላለሁ።

ስለዚህ አውራውን ለማዳን፣ ባሌን ገና በአርባው ውሸታም ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቀን በጎቹን ሳሰማራ ይህን አወጣሁ አወረድሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በጎቹ በር ላይ ተደርድረው ሲጠብቁኝ አየሁና ልቤ ቆረጠ። ባሌ ቢጠየቅ ከስሙ ይልቅ እነሱን ይመርጣል።

ጋሼ ከበረቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቢላዋ ይስላል።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ የላኩልን በግ የመጀመሪያውን ክረምት አልጨረሰም» አልሁት።

ቢላዋውን አስቀመጠ። «ልጆቹስ?»

«አንድም አልተረፈም።»

«እና በየበዓሉ የልጅ ልጅ እያለ የሚቆጥርልኝ የማንን ነበር?»

«የአይጡን አጎት ዘመዶች።»

መጀመሪያ የሳቀ መሰለኝ። ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። ከመጣ ጀምሮ እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁትም። «ከልጅነቱ እኔን ማስቀየም አይችልም ነበር» አለ። ቆይቶ ተነሣና ለተዝካሩ የራሱን ቀይ በግ ከታሰረበት ፈታው።

በተዝካሩ ዕለት የስጦታ በግ ማሳረዴ ነውር ነው ያሉኝ ነበሩ። ክረምቱን አብረን እንይ ብዬ መለስሁላቸው፤ እንጀራና ወጡንም ጨመርሁላቸው።

ክረምቱ አለፈ፤ አውራዬም ከነሴቶቹ ደኅና ወጣ። ጋሼ በየሳምንቱ ይደውላል። ባለፈው እሑድ ስለ በጎቹ ሲጠይቀኝ ሦስት መወለዳቸውን፣ አንዷን ግን ተቅማጥ እንደወሰደብኝ ነገርሁት።

«አይ እታለም፣ አንቺ ተቅማጡን ሳይቀር ትነግሪኛለሽ» አለኝ። «እሱ ቢሆን መንታ ወለደች ይለኝ ነበር።»